ሰከንድ ስትሪት ቁጥር 230፦ በቦርደን ቤት ዙሪያ የአራት ቀን የጉዞ ማስታወሻ

ከመነሳት በፊት

ፎል ሪቨር በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ከቦስተን በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የድሮ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ለአንድ ቤት ብሎ ነው። ሐምሌ 29 ቀን 1884 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኦገስት 4 ቀን 1892፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ አንድሩ ቦርደን የተባለ የ69 ዓመት ባለጸጋና ሚስቱ አቢ በገዛ ቤታቸው ውስጥ በፋስ ተገደሉ። ከመጀመሪያ ሚስቱ የወለዳት፣ ለአቢ የእንጀራ ልጅ የሆነችው የ32 ዓመቷ ሊዚ ተከሰሰች፤ በነጻም ተለቀቀች። ከእሷ ሌላ በዚህ ግድያ ለፍርድ የቀረበ ሰው የለም። አገራችን ከክፉ ቀን ረሃብ ገና ሳትወጣ የተከፈተ መዝገብ ዛሬም ገዳይ አልተጻፈበትም። ቤቱ አሁን ሙዚየምም ማደሪያም ሆኗል፤ መናፍስት ይመላለሱበታል እየተባለም በመላው አሜሪካ ስሙ ወጥቷል።

የሙት መንፈስ ወሬውን ማንም ያወራል። ይህ ማስታወሻ ግን የሚከተለው በሮቹን ነው። የትኛው በር ወደየት ይከፈታል? ቁልፉ በማን እጅ ነበር? ደረጃው ላይ የቆመ ሰው ምን ያያል? ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የቦርደን ነገር ሥሩ የቤቱ አሠራር ነው፤ ያንን ደግሞ እግሩ የረገጠ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይረዳዋል።

ሁለት ነገር አስቀድመው ያድርጉ። ማደር ከፈለጉ ክፍል ወራት ቀደም ብለው ይያዙ፤ በተለይ ለኦክቶበርና ግድያው ለሚታሰብበት ለኦገስት 4። ቀን ቀን ብቻ መጎብኘት ለሚፈልግ አስጎብኚ ያለው ዙር አለ፤ እሱንም በቅድሚያ መያዝ ይሻላል። ሌላው ጫማ ነው፤ ከተማዋ ዳገት ናት፣ የቤቱም ደረጃ ጠባብ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው፤ ቀኖቹና ዓመቶቹ ግን በፈረንጆቹ ናቸው።

ቀን 1፦ ከሳውዝ ስቴሽን እስከ ሳውዝ ሜይን

ፎል ሪቨር ከ60 ዓመት በላይ የመንገደኛ ባቡር አልነበራትም። ከማርች 2025 ወዲህ ግን ከቦስተን ሳውዝ ስቴሽን የሚነሳው ባቡር ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ በሆነ ጉዞ ያደርሳል። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መስመሩ ኢስት ቶንተን ከሚባለው ጣቢያ በኋላ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ፎል ሪቨር፣ ሌላው ወደ ኒው ቤድፎርድ ይሄዳል። ከመሳፈርዎ በፊት ሰሌዳው ላይ የመጨረሻውን ጣቢያ ስም ያንብቡ። በመኪና የሚመጣ ሰው መንገድ 24ን ይዞ ወደ ደቡብ ይወርዳል፤ ከፕሮቪደንስ ለሚነሳ ደግሞ አውራ ጎዳና 195 ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ባቡሩ የሚያወርደው ወንዙ ዳር፣ ዴቮል ስትሪት ላይ ነው። ከዚያ ወደ መሃል ከተማ ግማሽ ሰዓት ያህል በእግር ያስኬዳል፤ አብዛኛው ዳገት ነው። ዳገቱን አይማረሩበት፤ የነገሩ አንድ ክፍል እሱ ነው። የፎል ሪቨር ሀብታም ላይ፣ በተለምዶ “ዘ ሂል” በሚባለው ከፍታ ላይ ይኖር ነበር። ፋብሪካና ሠራተኛ ታች ነበር። አንድሩ ቦርደን ሲሞት 300,000 ዶላር ገደማ የሚገመት ሀብት ነበረው፤ ባንክ ይመራ ነበር፣ የሚያከራያቸው ሕንፃዎች ነበሩት፤ ግን ታች፣ ከንግዱ ግርግር መሃል፣ በኬሮሲን ኩራዝ ይኖር ነበር። ሁለቱ ያላገቡ ሴት ልጆቹ ኤማና ሊዚ ዓይናቸው ዳገቱ ላይ እንደነበር የሚያስረዳው በኋላ ያደረጉት ነው፤ እሱ በሦስተኛው ቀን ይመጣል።

ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከኩዌክዌሻን ወንዝ ነው፤ በነባሮቹ ሕዝቦች ቋንቋ የሚወርድ ውሃ ማለት ነው። ወንዙ ወፍጮና መፈተያ ያዞር ነበር፤ ዛሬ ግን ብዙው ክፍል ከመሬት በታች በቱቦ ስለሚሄድ ፈልገው አያገኙትም። ያልጠፉት የግራናይት ፋብሪካዎቹ ናቸው፤ ድንጋዩ ከዚያው ከከተማዋ የተፈለጠ ነው።

ከሰዓት በኋላውን ለሳውዝ ሜይን ስትሪት ይስጡት። አንድሩ በ1890 ገደማ ያሠራው የንግድ ሕንፃ ስሙን እንደተሸከመ አሁንም ቆሟል። ሰውዬው በዚያ ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ ከቤት ወጥቶ ባንኮቹን ዞረ፤ መጨረሻ ላይ እየታደሰ ያለ ሱቁን ለማየት ገባ። እዚያ አናጺዎቹ ያዩት አንድ ነገር አለ፦ ወለል ላይ የተጣለ የተሰበረ የበር ቁልፍ አንስቶ ይዞ ሄደ። ባለ ሦስት መቶ ሺህ ዶላሩ ሰው! ቆጣቢነቱን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምስክር አይገኝም፤ በሮች ለሚከተል ተጓዥ ደግሞ ያ የተሰበረ ቁልፍ ምሳሌ ይመስላል፤ ግን በችሎት የተመሰከረ ነው።

ከዚያ እስከ ሰከንድ ስትሪት ያለውን መንገድ በዝግታ ይሂዱና ሰዓትዎን ይያዙ። ጥቂት ደቂቃ ነው። አንድሩ ቤቱ የደረሰው 4 ሰዓት ከ45 ገደማ ላይ ነበር።

እራት ከተማዋን ከሞሏት የፖርቱጋል ተወላጆች ምግብ ቤት ቢሆን ጥሩ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሹሪሱ የሚሉት ቀይ ቋሊማ የአሳማ ሥጋ ነው፤ ሾርባውም ውስጥ፣ ዳቦውም ውስጥ ተከትቶ ይመጣል። አሳማ የማይበላ ሰው ባካልያው የሚሉትን የደረቀ ዓሣ ይዘዝ።

ቀን 2፦ ቤቱ

ጠዋት መጀመሪያ ከመንገዱ ማዶ ይቁሙ። ቁጥሩ በዚያ ዘመን 92 ነበር፤ ዛሬ 230 ነው። ቤቱ ጠባብና ረጅም የእንጨት ቤት ነው፤ ከእግረኛ መንገዱ በጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃል። ጎረቤቶቹ በግራም በቀኝም ተጠግተው ነበር፤ ሐኪሙ ሲበሪ ቦወን ከፊት ለፊት ይኖር ነበር። ሰው በሚበዛበት ጎዳና፣ በብርሃን፣ ደም የነካው እንግዳ ሰው ሲወጣ ያየ አልተገኘም። ሊዚን ለሚጠረጥር ይህ ትልቅ ማስረጃ ነው። ሊዚን የሚከላከል ደግሞ የጎን በሩን ያሳያል፤ እሱን እናየዋለን። ከኋላ ያለው ጋጣ መሰል ሕንፃ በኋላ የተሠራ ነው፤ የድሮው ጋጣ ፈርሷል።

ቤቱ በ1845 ሲሠራ ለሁለት አባወራ ነበር፤ አንዱ ምድር ላይ፣ አንዱ ፎቅ ላይ። አንድሩ በ1872 ገዝቶ የአንድ አባወራ አደረገው፤ ግን መተላለፊያ ኮሪደር አላወጣለትም። ሁሉም ነገር ከዚህ ይመነጫል። ፎቅ ላይ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው የሚኬደው በክፍሎቹ ውስጥ በማለፍ ነው። የፊቱ ደረጃ ወደ እንግዳ ክፍልና ወደ ሊዚ ክፍል ይወጣል፤ የኤማ ትንሽ ክፍል በሊዚ ክፍል በኩል ካልሆነ በር የላትም። የኋላው ደረጃ ከወጥ ቤቱ አጠገብ ተነስቶ ወደ ባልና ሚስቱ መኝታ፣ ከዚያም ጣሪያ ሥር ወዳለው የቤት ሠራተኛዋ የብሪጅት ሰሊቫን ክፍል ይወጣል። በሊዚና በወላጆቿ መኝታ መካከል በር አለ፤ ያ በር ግን በሁለቱም በኩል ተዘግቶ ይኖር ነበር። ስለዚህ ፎቁ አንድ ቢመስልም ሁለት ቤት ነው። ፊት ያለ ሰው ኋላ ለመሄድ ወደ ምድር ወርዶ፣ ሳሎኑን አቋርጦ፣ በሌላው ደረጃ መውጣት አለበት። አስጎብኚው ሌላ ታሪክ ሲጀምር እርስዎ ይህን በር ፈልገው ይዩት።

የቁልፍ ነገር በዚህ አያበቃም። በ1891 በጠራራ ፀሐይ ከባልና ሚስቱ መኝታ ገንዘብና ጌጥ ተሰርቆ ነበር። ፖሊስ ተጠራ፤ ከዚያ አንድሩ ራሱ ምርመራውን አስቆመው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መኝታውን ይቆልፍና ቁልፉን ሳሎን ውስጥ፣ ከምድጃው በላይ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ ያስቀምጠው ነበር። ምን ማለቱ እንደሆነ ቤተሰቡ ሳይገባው አይቀርም። መደርደሪያው ሲታይ ይህን ማስታወስ ነው።

የፊት በሩ በመወርወሪያ፣ በቁልፍና ራሱ በሚዘጋ ቁልፍ ሦስት ጊዜ ይዘጋ ነበር። በዚያ ጠዋት አንድሩ ሲመለስ በራሱ ቁልፍ መክፈት አቃተው፤ ብሪጅት ከውስጥ ሄዳ ከሦስቱ ጋር ስትታገል ተማረረች፤ በዚህ ጊዜ ሊዚ ከላይ ስትስቅ እንደሰማች በፍርድ ቤት መሰከረች። ሊዚ በቃሏ የነበረችበትን ቦታ ስታለዋውጥ፣ አንዴ ደረጃው ላይ ነበርኩ አንዴ ወጥ ቤት ስትል፣ ነገሩ የከበደው በዚህ ምክንያት ነው። ምክንያቱም በዚያ ሰዓት አቢ የእንግዳ ክፍል ወለል ላይ ሞታ ተኝታ ነበር።

አሁን የፊቱን ደረጃ በዝግታ ይውጡ። ዓይንዎ ከላይኛው ወለል ጋር እኩል የሚሆንበት ደረጃ ላይ ይቁሙና ወደ ግራ ይዩ። የእንግዳ ክፍሉ በር ከተከፈተ በአልጋው ሥር አሻግረው ወለሉን ያያሉ። ጎረቤቷ ወይዘሮ አደሌድ ቸርችል አቢን ያየቻት ከዚህ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሳትገባ። ከደረጃው ጫፍ ላይ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ሰው ግን አልጋው ይጋርደዋል። ክርክሩ ሁሉ በአንድ ክንድ ከፍታ ልዩነት ላይ የቆመ ነው። ፎቶ ቢያነሱም አይገባዎትም፤ ካሜራው የዓይንን ከፍታ አያስታውስም። ሁለት ሆነው ከሄዱ አንዱ አልጋውና ቁምሳጥኑ መሃል ካለው ጠባብ ቦታ ላይ አንድ ልብስ ያኑር፣ ሌላው ደረጃ በደረጃ እየወጣ የት ላይ እንደሚታየውና የት ላይ እንደሚጠፋው ይቁጠር።

ቅደም ተከተሉን በዚያው ክፍል ሆኖ መመርመር ጥሩ ነው። ቁርስ ከ1 ሰዓት በኋላ ተበላ፤ የበግ ሥጋና መረቁ፣ የበቆሎ ቂጣ፣ ሙዝ፣ ቡና። ከበሉት አንዱ ጆን ሞርስ ነው፤ የአንድሩ የቀድሞ ሚስት ወንድም፣ ከአንድ ቀን በፊት ሻንጣ ሳይዝ መጥቶ በእንግዳው ክፍል ያደረ። እሱ ዘመድ ሊጠይቅ ወጣ። ኤማ ፌርሄቨን በምትባል ከተማ ነበረች። 3 ሰዓት ተኩል ገደማ አቢ የእንግዳውን አልጋ ልታነጥፍ ወጣች፤ 18 ወይም 19 ጊዜ ተመታች። ብሪጅት በዚያ ሰዓት ውጭ መስኮት ታጥብ ነበር፤ የጎኑን በር ሳትቆልፈው። አንድሩ ከተመለሰ በኋላ ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ ጋደም አለ፤ ብሪጅት ደክሟት ጣሪያ ሥር ወዳለው ክፍሏ ወጣች። 5 ሰዓት ከ10 ገደማ ሊዚ ከታች ጮኻ ጠራቻት፤ አባቷ ሞቷል። እሱ 10 ወይም 11 ጊዜ ተመትቷል። ሕዝብ የሚያዜመው ግጥም አርባና አርባ አንድ ይላል፤ ግጥም ነው።

የሐኪሞቹ ምርመራ በሁለቱ ሞት መካከል አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ እንዳለ አሳየ፤ የአቢ ደም ረግቶ ነበር፣ የአንድሩ ገና ትኩስ፤ ከሃርቫርድ የመጣው ፕሮፌሰር ኤድዋርድ ዉድም የሁለቱን ጨጓራ አነጻጽሮ ይህንኑ አረጋገጠ። ይህ የሀብቱንም መንገድ ወስኗል። አቢ ቀድማ ስለሞተች ለሷ ወገኖች የሚደርስ የባሏ ውርስ አልኖረም፤ ሁሉም ለሁለቱ ሴት ልጆች ሆነ።

ታዲያ ገዳዩ ከውጭ ከመጣ አንድ ሰዓት ተኩል የት ቆየ? ኮሪደር የለም፣ በሮቹ ተቆልፈዋል፣ ታች ሁለት ሴቶች ይመላለሳሉ። አንድ መልስ አለ፤ በፊቱ ደረጃ ጫፍ ላይ ያለው የልብስ ማስቀመጫ ክፍል። አስጎብኚውን አስፈቅደው በሩን ይክፈቱትና ከውስጥ ምን እንደሚሰማ ይስሙ። እንጨቱ ቀጭን ነው፤ ታች የሚወራ ሁሉ ይሰማል። ይህ ለሁለቱም ወገን ያገለግላል፦ የተደበቀ ሰው አንድሩ መምጣቱን ያውቃል፤ ግን ደግሞ 90 ኪሎ የምትጠጋ ሴት ስትወድቅ ያልሰማ የለም ለማለት ያስደፍራል።

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሶፋ ዋናው አይደለም፤ ከፎቶው ተመስሎ የተሠራ ነው። ሰው ሁሉ ተኝቶ ፎቶ ይነሳበታል። ይቅርብዎ ለማለት አይደለም፤ ግን ከሶፋው ይልቅ ከራስጌው ያለውን ወደ መመገቢያ ክፍሉ የሚወስደውን በር ይመልከቱ፤ ፋሱን የያዘው ሰው ከዚያ በኩል ቆሞ ሊሆን ይችላል የሚል ክርክር አለ።

ምድር ቤቱ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ረጅም ሰው ጭንቅላቱን ይጠብቅ። መጸዳጃውና ልብስ ማጠቢያው እዚህ ነበሩ። ፖሊስ ብዙ መጥረቢያና ፋስ ያገኘው እዚሁ ነው፤ ከእነሱ አንዱ እጀታው ተሰብሮ አመድ የለበሰ ፋስ ነበር። በዚያን ዕለት ግን የከተማዋ ፖሊስ ብዙው ክፍል በዓመታዊ ሽርሽሩ ላይ፣ ሮድ አይላንድ ሮኪ ፖይንት ነበር፤ ቤቱ ውስጥ ፖሊስ፣ ጎረቤት፣ ሐኪም ይተራመስ ነበር። ማስረጃ እንዲበላሽ ከዚህ የተሻለ ሁኔታ አይመቻችም።

ሌሊቱ

ማታ የሚያድሩት እንግዶች ቤቱን በብዛት ለብቻቸው ያገኙታል። በጣም የሚፈለገው አቢ የሞተችበት ክፍል ነው። የሚነገረው ይህ ነው፦ ጣሪያ ሥር የሕፃናት ሩጫ፣ በራሱ የሚከፈት በር፣ ምድር ቤት ውስጥ ጥላ። ስለ ሕፃናቱ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በ1848 ኤሊዛ ቦርደን የተባለች የዚያው ወገን ሚስት ልጆቿን የውሃ ጉድጓድ ውስጥ አስጥማ ራሷን አጥፍታለች፤ ግን ይህ የሆነው በጎረቤቱ ቤት ነው። ለነሱ ተብሎ እዚህ አሻንጉሊት ሲደረደር ታሪኩ አጥር ዘሏል ማለት ነው።

መሣሪያ ይዞ ለሚመጣ ጥቂት የሥራ ምክር። የኤሌክትሮማግኔት መስክ መለኪያ ከሆነ፣ መብራት ጠፍቶም ቢሆን በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ያናውጠዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ በቀን ክፍሉን በክንድ ርቀት እየለኩ ዙረው የሚንቀጠቀጥበትን ቦታ ወረቀት ላይ ይመዝግቡ። ያንን ካላደረጉ ሌሊት የሚያዩት ሽቦ ነው። ስልክዎን ከኪስ አውጥተው ሌላ ክፍል ይተዉት፤ ሲግናል በፈለገ ቁጥር መለኪያውን ያበራዋል። የራዲዮ ጣቢያዎችን በፍጥነት እያገላበጠ ድምፅ የሚያወጣው ሣጥን ደግሞ ከሁሉ አታላይ ነው፤ እዚህ ከተማ ውስጥ የፖርቱጋልኛ ስርጭት ስላለ ቁርጥራጭ ቃል ሲመጣ እንግዳ ቋንቋ ተናገረ ብለው ይደነግጣሉ። በፎቶ ላይ የሚወጣው ነጭ ክብ በፍላሽ የበራ አቧራ ነው፤ ምንጣፍ ያለበት የድሮ ቤት አቧራ አያጣም። ድምፅ የሚቀዱ ከሆነ ስታስሉ፣ ስትንቀሳቀሱ፣ መኪና ሲያልፍ በየጊዜው በቃል ይናገሩት፤ ከሦስት ቀን በኋላ የራስዎን ሆድ ጩኸት ለሙት መንፈስ እንዳይሰጡት።

በሮቹ ራሳቸው የሚከፈቱበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ነው። የዘመኑ እንጨት በእርጥበት ያብጣል፣ በማሞቂያ ይደርቃል፤ ወለሉ ትንሽ አዘንብሎ ከሆነ መቀርቀሪያው በደንብ ያልገባ በር ቀስ ብሎ ይመጣል። ሳንቲም ወለሉ ላይ በጠርዙ ቢያቆሙ ወዴት እንደሚንከባለል ያያሉ። ይህ ሁሉ ተደርጎ ያልተፈታ ነገር ከቀረ፣ ያኔ ጻፉት። ጸሎት የለመደ ሰው ጸልዮ ይተኛ፤ ለዚህ ቤት አያንስም፣ አይበዛም።

ቀን 3፦ ዳገቱ

ጠዋት ወደ ሮክ ስትሪት ቁጥር 451። የፎል ሪቨር ታሪክ ማኅበር በግራናይት የተሠራ የሀብታም ቤት ውስጥ ነው፤ በብርዱ ወራት የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ከመሄድዎ በፊት ሰዓቱን ያጣሩ። ብዙ ጎብኚ ቤቱን አይቶ ይህን ሳያይ ይመለሳል፤ ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው የቤት ዕቃ አብዛኛው ምትክ ነው፤ እዚህ ያለው ግን ዋናው ነው። እጀታ የሌለው ፋስ እዚህ አለ። በሬሳዎቹ ዙሪያ የተነሱት ፎቶዎችም እዚህ አሉ።

የአንድሩን ፎቶ ሲያዩ እግሩን ይመልከቱ። ሊዚ በምርመራው ጊዜ አባቷ ጫማ አውልቆ ነጠላ ጫማ እንዳጠለቀ ተናግራ ነበር፤ ፎቶው ላይ ጫማው እግሩ ላይ ነው። ትንሽ ነገር ናት፤ ግን የቃሏ ሽንቁር እንዲህ ባሉ ትንንሽ ነገሮች የተሞላ ነው። ፋሱን ደግሞ አፉን ይዩ፤ ስለቱ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አቃቤ ሕግ ከራስ ቅሉ ቁስል ጋር ይገጥማል አለ። ችግሩ ዉድ ደም አላገኘበትም፤ ከዚያም ሁለት ፖሊሶች ችሎት ላይ ተጋጩ፤ አንዱ የተሰበረው የእጀታ ቁራጭ ከፋሱ ጋር ሣጥኑ ውስጥ ነበር ሲል ሌላው አላየሁም አለ። መከላከያው ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

ከማኅበሩ ወጥተው ወደ ሰሜን ትንሽ ቢሄዱ ፍሬንች ስትሪት ቁጥር 306 ላይ ሜፕልክሮፍት ይገኛል። ሊዚና ኤማ ከፍርዱ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ የገዙት ቤት ነው፤ ከዳገቱ ላይ። ሊዚ ራሷን ሊዝቤት ብላ ጠራች። የግል ንብረት ስለሆነ ከመንገድ አይለፉ። ኤማ በ1905 ትታት ወጣች። ሊዚ በጁን 1 ቀን 1927 ሞተች፤ ኤማ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተከተለቻት።

ከሰዓት በኋላ ኦክ ግሮቭ መቃብር። ትልቁ የቦርደን ሐውልት ለዓይን ቅርብ ነው፤ ከፊቱ ትንንሾቹ የራስጌ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ አንድሩ፣ የመጀመሪያ ሚስቱ ሣራ፣ አቢ፣ ኤማ፣ ሊዝቤት ሁሉም በአንድ ቦታ። ሰዎች ሳንቲምና አበባ ይተዉላቸዋል። የቀብር ሥነ ሥርዓቱ የተደረገው ኦገስት 6 ነው፤ ግን ያኔ አፈር አልገቡም፤ ከአምስት ቀን በኋላ በመቃብሩ ቅጥር ባለ ሕንፃ ውስጥ ሁለተኛ የሬሳ ምርመራ ተደርጎ የሁለቱም ራስ ለማስረጃ ተወሰደ። ሊዚ የታሰረችው በዚያው ቀን፣ ኦገስት 11 ነው። የራስ ቅሎቹ ችሎት ውስጥ በታዩ ጊዜ ራሷን ሳተች።

ቀን 4፦ ኒው ቤድፎርድ

በመኪና በአውራ ጎዳና 195 ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። በባቡር ለመሄድ ወደ ኢስት ቶንተን ወደ ኋላ ተመልሶ መቀየር ስለሚጠይቅ ግማሽ ቀን ይበላል። የካውንቲ ስትሪቱ ፍርድ ቤት፣ ባለ ትላልቅ ነጭ ዓምዱ፣ ዛሬም ችሎት ይሰየምበታል፤ ስለዚህ ካሜራ ይዞ መግባትን አያስቡ፤ ከውጭ ይበቃል።

ችሎቱ ከጁን 5 እስከ ጁን 20 ቀን 1893 ቆየ። 12ቱ የጁሪ አባላት፣ ማለትም ጥፋተኛ ናት ወይስ አይደለችም ብለው የሚወስኑት ከሕዝብ የተመረጡ ሰዎች፣ ወንዶች ነበሩ፤ ቤቱን ራሱን ሄደው አይተዋል፤ ደረጃውን፣ በሮቹን፣ ምድር ቤቱን። ከመከላከያ ጠበቆቹ አንዱ የቀድሞው የግዛቱ ገዥ ጆርጅ ሮቢንሰን ነበር። ሁለት ውሳኔዎች ነገሩን ቀለበሱት። አንደኛ፣ ሊዚ በመጀመሪያው ምርመራ የሰጠችው እርስ በርሱ የሚጋጭ ቃል እንዳይቀርብ ተከለከለ፤ በተግባር እስረኛ ሆና መብቷ ሳይነገራት የተሰጠ ነው ተብሎ። ሁለተኛ፣ ከግድያው አንድ ቀን በፊት ፕሩሲክ አሲድ የተባለውን መርዝ ልትገዛ መጥታ ነበር ያለው የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ኤላይ ቤንስ ቃል እንዳይሰማ ተደረገ። ጁሪው ሳይሰማቸው አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ተቀምጦ በነጻ ለቀቃት። በሰማቸውስ ኖሮ? ቀሚስ ማቃጠሏን ግን ሰምቷል፤ ከግድያው ሦስት ቀን በኋላ ቀለም ነካው ብላ ምድጃ ውስጥ የከተተችውን፤ ያንን የመሰከረችው ጓደኛዋ አሊስ ረስል ናት። ልብሷ ላይ ከመርፌ ራስ የማትበልጥ የደም ነጥብ ብቻ ነበር የተገኘው፤ ፋስ 29 ጊዜ ያነሳ ሰው በዚህ ብቻ ይወጣል ወይ የሚለው ጥያቄ ለጁሪው ከሁሉ የከበደ ይመስላል።

ሌላኛው ጠበቃ አንድሩ ጄኒንግስ የያዛቸው ማስታወሻ ደብተሮች በ2012 ለታሪክ ማኅበሩ ተሰጥተዋል። የሮቢንሰን ፋይል ግን ሌላ ነው። በምዕራብ ማሳቹሴትስ፣ በስፕሪንግፊልድ፣ እሱ ያቋቋመው የጠበቆች ቢሮ እስከ ዛሬ በእጁ ይዞታል፤ የጠበቃና የደንበኛ ምስጢር ደንበኛ ሲሞት አይሞትም በሚል ለተመራማሪም ለጋዜጠኛም አልከፈተም። ስፕሪንግፊልድ ከዚህ ሁለት ሰዓት ትርቃለች፤ በዚህ መንገድ ውስጥ ያላካተትናትም ለዚሁ ነው፤ የሚታይ በር የለም፣ የተቆለፈ መሳቢያ እንጂ።